የኔትወርኩ መዝገብ ቤት

ፋየርዎል በኢንተርኔትና በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች መካከል ቆሞ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን መረጃ በተሰጠው ደንብ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በከልካይነቱ ነው። ከውጭ የመጣን ጥያቄ ለሚመለከተው ኮምፒውተር ማድረስም ግን የእሱ ሥራ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ነገሩን ለመረዳት የወረዳ መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ቢቸና ለሚገኘው የእነማይ ወረዳ ወይም ሞጣ ለሚገኘው የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ መጀመሪያ የሚደርሰው መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ኃላፊው «ለፋይናንስ» ወይም «ለግብርና» ብሎ ይመራዋል። ያልተመራ ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የኢንተርኔት አድራሻም እንዲሁ ነው። በብዛት የሚሠራበት አራተኛው የአይፒ ስሪት ያለው አድራሻ ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ እንደ 192.168 ባሉ ቁጥሮች የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለይተዋል። እነዚህን ማንም ቢሮ ይጠቀምባቸዋል፤ በውጭው ኢንተርኔት ግን አይታወቁም። ሃያ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በአንድ የውጭ አድራሻ ይወጣል። ፋየርዎሉ የትኛው ኮምፒውተር ምን እንደጠየቀ መዝግቦ ስለሚይዝ መልሱን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሳይጠየቅ ከውጭ የመጣ ጥያቄ ግን መዝገብ ላይ የለም፤ ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተነገረው ይጥለዋል።

ቢቸና ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ሰነዶቹን 192.168.1.25 በተባለ ሰርቨር ላይ አስቀምጧል እንበል። ሞጣ ያለ ሠራተኛ የቢሮውን የውጭ አድራሻ ሲጠራ ጥያቄው ከፖርት ቁጥር ጋር ይመጣል። ፖርት ጉዳዩ የየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለይ ቁጥር ሲሆን እስከ 65,535 ይደርሳል፤ 443 ለተመሰጠረ ድረ ገጽ ነው። ደንቡ እንግዲህ «በ443 የመጣ ሁሉ ወደ 192.168.1.25 ይመራ» የሚል አንድ መስመር ነው።

ይህች አንድ መስመር ብዙ ባለሙያ ታደክማለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ለኮምፒውተሮቹ የውስጥ አድራሻ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ አድራሻዎችን እንደገና ያድላል፤ ትናንት የሰርቨሩ የነበረው ቁጥር ዛሬ ለፕሪንተሩ ሊደርስ ይችላል። ደንቡ አልተለወጠም፣ ሰነዱ ግን አይከፈትም። ለዚህ ነው ሰርቨር ቋሚ የውስጥ አድራሻ የሚያዝለት።

ክፍት የተተወ ፖርት ሌባንም ያስገባል። በተለይ 3389፣ ማለትም የዊንዶውስን ኮምፒውተር ከርቀት ማዘዣው፣ ለኢንተርኔት በቀጥታ መከፈት የለበትም፤ ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት አድራሻዎችን እየዞሩ ያንኳኳሉ። የሚሻለው ሠራተኛው መጀመሪያ በቪፒኤን፣ በተመሰጠረ መተላለፊያ ገብቶ፣ ከዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔትም ለመንግሥት ሥራ የተለየ ኔትወርክ ነው።

በሞባይል ዳታ የሚሠራ ቢሮ ሌላ እንቅፋት አለበት። የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በርካታ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያወጣሉ፤ በራውተሩ ላይ የሚታየው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ የዚህ ምልክት ነው። ያኔ ቢሮው በራሱ ፋየርዎል ላይ የቱንም ያህል ደንብ ቢጽፍ ጥያቄው እሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ያለው አማራጭ ከድርጅቱ ቋሚ የውጭ አድራሻ መግዛት፣ ወይም ሰርቨሩ ራሱ ከውስጥ ተነስቶ ውጭ ወዳለ ቪፒኤን እንዲገናኝ ማድረግ ነው።