ለመንገደኛ የሚስማማ ጫማ

መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ስንቁን ይቋጥራል፤ ዱላውን ይይዛል፤ ስለ እግሩ ግን ብዙ ጊዜ አያስብም። በዝናብ ወራት ወደ ቢታ ገነት ገበያ የሚያደርሱትን መንገዶች ያስተዋለ ሰው፣ ጫማው እንዳይበላሽበት በእጁ አንጠልጥሎ ጭቃውን በባዶ እግሩ የሚያቋርጥ፣ ከከተማው ዳር ሲደርስም እግሩን ሳይታጠብ የሚጫማ መንገደኛ አያጣም። ይህ ሰው ጫማውን ከጭቃ አዳነ፤ እግሩን ግን ለጭቃ አሳልፎ ሰጠ።

ጉዳቱ እንዲሁ በቀላል የሚታይ አይደለም። ከፍታ ባለውና ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚገኘው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። እነዚህም በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ እየሰረጉ ገብተው፣ በተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠ ሲሆን እግሩን ቀስ በቀስ ያሳብጡታል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከዝሆኔ ዓይነቶችም አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን ባደረጉት ምርምር መንሥኤው አፈር መሆኑን አስረድተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉት በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል። በእርግማን አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከዚህም በቀር ሙጀሌና በቆዳ የሚገባው የአንጀት ትል በባዶ እግር በኩል መንገድ ያገኛሉ።

ስለዚህ ጫማ የምንመርጠው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃ ጭምር ሊሆን ይገባል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ እሾኽንና ድንጋይን ይከላከላል። ሆኖም ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጭቃና አቧራ ያስገባል። ለደረቅ መንገድና ለግቢ ይበጃል፤ ለቀይ ጭቃ ግን የእግርን ጣትና ጀርባ የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋራ ይመረጣል። የፕላስቲክ ጫማ በውሃ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን እግርን ያልባልና ማታ ማታ አውልቆ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ሲገዙም የሚከተለውን ማስተዋል ይጠቅማል። እግር በጕዞ ስለሚያብጥ ጫማን ከቀትር በኋላ መለካት ይሻላል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ሰንደል ከሆነ ተረከዙን የሚይዝ ማሰሪያ ይኑረው፤ ሶሉም ለሚያዳልጥ ዳገት ጥርስ ያለው ይሁን። እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ ብቅ ያለ ምስማር ወይም ሻካራ ስፌት አለመኖሩን መመርመር ይገባል። አዲስ ጫማም በረጅም መንገድ ከመዋሉ በፊት ጥቂት ቀን በቤት ይለመድ።

ጫማ ብቻውን ግን አይበቃም። ከመንገድ የተመለሰ ሰው እግሩን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ያለውንም እርጥበት ያድርቅ።

ለመምህራን አንድ አደራ አለን። ባዶ እግሩን የመጣውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት፤ ወላጆቹን ለብቻ አነጋግሩ እንጂ። እግሩ ያበጠ ሰው ብታዩም ከመቀመጫችሁ አታርቁት፤ በየቀኑ መታጠብና ጫማ ማድረግ ሕመሙን እንደሚያቀልለት ነግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት። ጫማ ያረጃል፤ በሌላም ይለወጣል፤ እግር ግን ምትክ የለውም።