ያውቁ ኖሯል? ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ እንቅልፍ

የወር አበባ ሲቃረብ ድካም ድካም የሚላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ይህኛው ግን ሌላ ነው። እጅግ ጥቂት ልጃገረዶችን፣ የወር አበባ ማየት በጀመሩ በወራት ውስጥ፣ ደሙ ሊመጣ ሲል ለሳምንት ያህል ከባድ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ልጅቷ ሲቀሰቅሷት ትነሳለች፤ ሽንት ቤት ደርሳ፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ተመልሳ ትተኛለች። ቢያናግሯት ትነጫነጫለች። ደሙ ሲመጣ እንቅልፉ ይለቃታል፤ እስከሚቀጥለው ዙር ደህና ናት። «ሰነፍ» መባሏ ታዲያ የት ይቀራል!

በ1975 እ.ኤ.አ. ቢያር፣ ጊይሚኖ እና ዴመንት የተባሉ ሐኪሞች «ኒውሮሎጂ» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የአንዲት ታዳጊን ሁኔታ ጽፈው፣ ክላይን-ሌቪን የሚባለው የእንቅልፍ ሕመም ነው ወይስ አዲስ በሽታ ሲሉ ጠየቁ። ኋላ ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የእንቅልፍ ሕመሞች ምደባ ከክላይን-ሌቪን ሥር መድቦታል። መንስኤው በውል አልታወቀም። ጥርጣሬው ያረፈው ፕሮጄስትሮን በተባለው ሆርሞን ላይ ነው፤ ሰውነት ሲሰባብረው ከሚገኙት ውህዶች አንዱ አንጎልን እንደ ማስታገሻ መድኃኒት ያፈዛል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የጀመሩ አንዳንድ ታማሚዎች እንቅልፉ ቀርቶላቸዋል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፤ እሱም አስቀድሞ ደም ማነስንና የእንቅርት ዕጢ ችግርን ያጣራል።