ፎርማት ላድርገው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ሰበታንና ተፍኪን ሲያልፍ የበቾ ሜዳ ይቀበለዋል። ተጂ እዚያ፣ መረሬው አፈር ላይ፣ በጤፍና በሽምብራ ማሳ መሀል ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አንድ መምህር ዘመድ አለኝ፣ ነዋሪነቱ እዚያው ነው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ጥገና ቤት ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ልጁ ለዕረፍት መጥታ ሳለ ፓስወርዱን ቀይራው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች በኋላ ደውሎ ሲጠይቃት እሷም ረስታዋለች።

የጥገና ቤቱ ወጣት ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሁለት ሦስቴ ሞከረና ቀና እንኳ ሳይል «ጋሼ፣ ፎርማት ላድርገው?» አለ።

«አድርገው ልጄ» አለ ዘመዴ። ፎርማት ማለት መጠገን ይመስለው ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ እንደ አዲስ በራ። የስድስት ዓመት የፈተና ወረቀቶች፣ የተማሪዎች ውጤትና የእናቱ የመጨረሻ ፎቶዎች ግን ውስጡ አልነበሩም። ፓስወርዱ በተረሳበት ቀን ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። የጠፉት በሩ በተከፈተበት ቀን ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ ከመመለሱ በፊት መታወቅ ስላለበት ነገር ነው፤ የቤታችንን ኮምፒውተር ደጅ ስለሚጠብቀው ዘበኛ።

ዘበኛው ከየት መጣ?

የፓስወርድ አማርኛው «የይለፍ ቃል» ነው፤ «ይለፍ» ደግሞ የኬላ ቃል ነው። ወረቀቱን ያሳየ ያልፋል፣ ያላሳየ ይመለሳል። ኮምፒውተር ላይ ይህ ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንዱን ግዙፍ ማሽን በጋራ የሚጠቀሙበት ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠሩ። ማሽኑ አንድ፣ ባለፋይሉ ብዙ ሆነ። የእያንዳንዱን ሰው ፋይል ከሌላው ለመለየት ለየሰዉ የይለፍ ቃል ተሰጠ።

ዘበኛው ብዙም ሳይቆይ ተታለለ። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃው ሲል የሁሉንም ሰው ፓስወርድ የያዘውን ፋይል አሳትሞ ወሰደ። በ1966 ደግሞ በሥርዓቱ ስህተት ሁለት ፋይሎች ተቀያየሩና የፓስወርዱ ዝርዝር የዕለቱን መልእክት ተክቶ በገባው ሰው ሁሉ ፊት ተዘረገፈ። ችግሩ ዘበኛው ቃሉን እንዳለ ጽፎ በኪሱ መያዙ ነበር። ኪሱን የፈተሸ ሁሉ ቃሉን ያገኛል።

ጤፍና ዱቄት

መፍትሔው ከወፍጮ ቤት አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ጤፍ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱን መልሶ ጤፍ የሚያደርግ ወፍጮ ግን የለም። ዛሬ ኮምፒውተሩ ፓስወርዳችንን በሒሳብ ወፍጮ ፈጭቶ «ሃሽ» የሚባለውን ዱቄት ብቻ ያስቀምጣል። በማግስቱ ስንገባ የጻፍነውን እንደገና ይፈጭና ሁለቱን ዱቄቶች ያስተያያል። ከገጠሙ ያሳልፋል። በዚህ ወፍጮ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ዱቄቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ለዘበኛው «ቀርቤያለሁ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የተሳሳትኩት» ብሎ ነገር የለም።

ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሠሩት ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ስሙም «ጨው» ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢመርጡ እንኳ ከመፈጨቱ በፊት ለየራሳቸው የተለየ ጨው ስለሚገባበት ዱቄታቸው አይመሳሰልም። የአንዱን ያወቀ የሌላውን አላወቀም።

በቤታችን ዊንዶውስ ላይ ዱቄቱ፣ ያለ ጨው፣ «ሳም» በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የጥገና ቤቱ ወጣት «ፓስወርድህ ይኸውልህ» ብሎ አንብቦ የማይነግረን ለዚህ ነው። ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ማሽኑ ውስጥ የለም። ቃሉን ማወቅ ባይቻልም መተካት ግን ይቻላል። እንዴት እንደሚተካ የሚወስነው የአካውንቱ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ጣታችንን እንጠርጥር

ረሳሁ ከማለት በፊት ሦስት ነገር ማየት ይገባል። አንደኛው ካፕስ ሎክ ነው። ለዘበኛው ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሁለተኛው ነም ሎክ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች እሱ ሲጠፋ ምንም አይጽፉም። ሦስተኛው የቋንቋ ምርጫ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ቤት ውስጥ ኪቦርዱ በአንድ ቋንቋ ላይ እንደ ቀረ ሳይታወቅ በሌላው ሊጻፍ ይችላል። መግቢያው ስክሪን ላይ ከታች በስተቀኝ የቋንቋ ምልክት አለ፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ መጫን ይቀይረዋል። በፓስወርዱ ሳጥን ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭኖ መያዝ ደግሞ ከነጥቦቹ ጀርባ የጻፍነውን ያሳያል።

ዝም ብሎ እየደጋገሙ መሞከር ግን አይጠቅምም። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11፣ ከ2022ቱ እትም ወዲህ፣ 10 ጊዜ የተሳሳተን አካውንት ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል።

ቁልፉ የማን ነው?

ጣታችን ንጹሕ ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ አካውንቱ የት ይኖራል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት በዚያው ማሽን ብቻ የሚኖር አካውንት ነው። እዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የአስተዳዳሪነት መብት ያለው ሌላ አካውንት ካለ፣ ለምሳሌ የባለቤትዎ፣ በእሱ ገብቶ የተረሳውን መቀየር ይቻላል። ዋጋው በብሮውዘር ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ፓስወርዶችንና በዊንዶውስ የተመሰጠሩ ፋይሎችን ሊያሳጣ መቻሉ ነው። እነሱ የታሰሩት በአሮጌው ቃል ስለሆነ በአዲሱ አይፈቱም። ከ2018ቱ የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ደግሞ ማሽኑ ሲዘጋጅ ሦስት የምስጢር ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። አንዴ ተሳስተን ስንጽፍ ከሳጥኑ ሥር «ሪሴት ፓስወርድ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ሦስቱን የመለሰ ያልፋል። ቀድሞ ያሰበ ሰው በፍላሽ ላይ የፓስወርድ መቀየሪያ ዲስክ መሥራት ይችላል። አንዴ የተሠራ ፍላሽ ፓስወርዱ ቢቀያየርም ለዚያ አካውንት ይሠራል።

ሁለተኛው ዓይነት በኢሜይል አድራሻ የሚከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። የዚህ ቁልፍ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ከማንኛውም ስልክ በማይክሮሶፍት ገጽ ገብቶ በስልክ ወይም በሌላ ኢሜይል በሚላክ ኮድ መቀየር ይቻላል። ብዙ ሰው የሚደናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ኔትወርክ መጣ ሄደ በሚልበት ቤት፣ በስልክ የተቀየረው አዲስ ፓስወርድ ላፕቶፑ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ተቀባይነት የለውም። ላፕቶፑ እስከዚያ የሚያውቀው አሮጌውን ነው። ስለዚህ አዲሱን ከመጻፍ በፊት ከመግቢያው ስክሪን ላይ ላፕቶፑን ከዋይፋይ ወይም ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

ኮዱ የሚሄድበት ስልክም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሲም ካርዱ ጠፍቶ ሳይተካ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ላፕቶፑን አሜሪካ ያለ ወንድም በራሱ ስልክ አስመዝግቦ የላከው ይሆናል። ተጂ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኮድ ሲጠየቅ ዋሽንግተን ላይ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ባለስልኩ ተኝቷል። የመመለሻ ስልኩንና ኢሜይሉን በሙሉ ለመተካት ቢሞከር ደግሞ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። ይህ ጥበቃ የተቀመጠው ሌባ በአንድ ሌሊት አካውንቱን እንዳይወስድ ነው። ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ እንደ ደረሰ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ይታወቃል፤ በተጠቃሚው ስም አካውንት ከፍቶ የተጠቃሚውን ስልክ ማስመዝገብ።

በየዕለቱ የምንጽፈው አጭሩ «ፒን» ከሁለቱም ይለያል። የሚሠራው በዚያ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ዋጋ የለውም። ፒን የረሳ ሰው በዋናው ፓስወርድ መግባት ይችላል። ሁሌ ፒን ስንጽፍ ዋናውን መርሳታችን ግን የተለመደ ነው።

ደጁና ጎተራው

እስካሁን ያየነው ዘበኛ የሚጠብቀው ደጁን ነው። ተራ ላፕቶፕ ላይ የፋይሎቹን ጎተራ፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ባለሙያ ዘበኛውን ሳያነጋግር ፋይሎቹን ገልብጦ ማውጣት ይችላል። የዘመዴም ፋይሎች በዚህ መንገድ መውጣት ይችሉ ነበር። ፎርማት ይህን ሁሉ ሳይሞክሩ ጎተራውን ጠርጎ አዲስ መገንባት ነው። ጥገና ቤቱ የሚመርጠው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።

ጎተራው ራሱ የሚቆለፍበት ጊዜም አለ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ምስጠራ ዲስኩን በሙሉ ወደማይነበብ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ከ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ አዲስ በተጫኑ ብዙ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያዝ በራሱ ይበራል። እንዲህ ያለው ዲስክ ተፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢገጠም አይነበብም። የሚከፍተው 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችን ገጽ ላይ ይቀመጣል። ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ባዮስ ሲታደስ ማሽኑ ይህን ቁጥር በድንገት ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ማይክሮሶፍትም ቢሆን አያድነንም። ስለዚህ ላፕቶፑን ለጥገና ከመስጠት በፊት ቁጥሩን ከገጹ ላይ ገልብጦ መያዝ ግድ ነው።

የማን ላፕቶፕ ነው?

ጥሩ ጥገና ቤት የሚጠይቀው ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማሽኑ የማን ነው? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎ በወንጀል ያስቀጣል። የባልን፣ የሚስትን ወይም የቀድሞ መሥሪያ ቤትን ላፕቶፕ «ረስቼው ነው» ብሎ ማስከፈት ቀልድ አይደለም። የግዢ ደረሰኝ የጠየቀ ባለሙያ ደንበኛውን አላስቀየመም፤ ነገ የእኛም ቢሰረቅ እንደዚያው ይጠይቅልናል።

የሚታወስና የማይገመት

ፓስወርድ የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንዲያስታውሰው ተደርጎ ስላልተሠራ ነው። ለዓመታት ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉ፣ በየሦስት ወሩም ቀይሩ ስንባል ኖረናል። ያንን ምክር በ2003 ለአሜሪካ መንግሥት መመሪያ የጻፈው ቢል በር በ2017 በጻፈው ብዙ ነገር እንደሚጸጸት ተናግሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም መመሪያም ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን ትቶ ርዝመትን አስቀደመ።

በእኛ ዘንድ የተለመደው ፓስወርድ የራስ ስልክ ቁጥር ነው። 10 አሃዝ ስላለው ረጅም ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 09 ወይም 07 መሆናቸው ስለሚታወቅ ግን የሚገመተው ስምንቱ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ። የሳም ፋይሉን ዱቄት ያገኘ ሌባ በአንድ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ቢሊዮኖችን እየፈጨ ያስተያያል፤ ስልክ ቁጥሩ አንድ ሰከንድም አይቆይበት። ከ7,776 ቃላት ዝርዝር በዳይስ ዕጣ የወጡ አራት ቃላት ግን ከ3,600 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ አላቸው። «ወፍጮ ጉም ሚኒባስ ሽምብራ» ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍ ለተጂ ልጅ ለማስታወስ ቀላል ነው። ይህኛው አሁን ታትሟልና የራስዎን ያውጡ።

ይህም ሆኖ ሰው ይረሳል። ለቤት ኮምፒውተር ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ከኢንተርኔት የመጣ ሌባ ሳጥናችንን አይከፍትም። ነውሩ ወረቀቱን ላፕቶፑ ላይ መለጠፍ ነው።

ዘመዴ ዛሬ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ አኑሯል። ፓስወርዱ፣ የኢሜይል አድራሻው፣ ኮዱ የሚመጣበት ስልክና ባለ 48 አሃዙ ቁጥር ሰፍሮባታል። የፈተና ወረቀቶቹን ደግሞ በየወሩ በፍላሽ ይገለብጣል። ባለፈው ሰሞን የላፕቶፑ ቻርጀር መሰኪያ ተበላሽቶ ወደዚያው ጥገና ቤት መሄዱ አልቀረም። ወጣቱ ከፈት አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ዊንዶውሱም ከብዶታል፣ ፎርማት ላድርገው?» አለ።

«አይ ልጄ» አለ ዘመዴ፣ «መሰኪያውን ብቻ።»