ስለ ምድር መናወጥና ስለ አየር መለወጥ፤ በቤት ልናስተምራቸው የሚገቡ ቃሎች

ሰው የሚመጣበትን አደጋ በስሙ ለይቶ ካላወቀ ሊጠነቀቅለት አይችልም። በአጋርፋ፥ በሮቤና በጎባ የሚማሩ ልጆች ስለ እሳተ ገሞራና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የጻፉበትን ደብተር ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። አባትና እናት የቃሎቹን ፍቺ ቢያስረዷቸው ትምህርቱ ከደብተር አልፎ ለቤት ጥበቃ ይኾናል ብለን ስለምናምን፥ ዋና ዋናዎቹን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ቃል የምድር ሰሌዳ ነው። የምንረግጠው ምድር አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም፤ በታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ኾኖ፥ እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ ባለው ትኩስ ዓለት ላይ እጅግ በዝግታ ይሄዳል። በአገራችን የኑብያ ሰሌዳ በምዕራብ፥ የሶማሊያ ሰሌዳ በምሥራቅ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ዝቅተኛ ስፍራ ስምጥ ሸለቆ ይባላል። የባሌ ተራሮች በምሥራቁ ሰሌዳ ላይ ናቸውና፥ የአጋርፋ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው።

ኹለቱ ሰሌዳዎች በዓመት የሚራራቁት ከአንዲት የገብስ ቅንጣት ርዝመት የማይበልጥ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የታመቀው ኃይል በድንገት ሲለቀቅ የምድር መንቀጥቀጥ ይኾናል፤ የቀለጠ ዓለት ወደ ላይ ሲወጣም እሳተ ገሞራ ይባላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፥ በዳባሁ አጠገብ፥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጡ ስለ ተደጋገመ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተነሣ። ምድር ስትናወጥ በቤት ያለ ሰው ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቆ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይጠለል፤ በደጅ ያለም ከግንብና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ።

የመሬት መንሸራተት የሚባለው ዝናም የጠገበ የቁልቁለት አፈር ተንዶ ሲወርድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ አለቁ። ከነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በቁፋሮ ላይ ሳሉ አፈሩ ዳግመኛ ተናደባቸው። የወገን ፍቅራቸው የሚመሰገን ነው፤ ኾኖም አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል ማወቅ ነፍስን ያድናል።

የአየር ጠባይና የአየር ንብረት የሚሉት ቃሎችም ይለያያሉ። የዛሬው ዝናም ወይም ውርጭ የአየር ጠባይ ነው፤ የአንድ አገር የ30 ዓመት ያህል ልማድ ግን የአየር ንብረት ይባላል። የሳነቴ ከፍታ በጥንት ዘመን በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ሊቃውንት ከድንጋዩ ምልክት አረጋግጠዋል፤ ያ ለውጥ በብዙ ሺህ ዓመታት በተፈጥሮ የኾነ ነው። የዛሬው ሙቀት ግን ሰው ከሚያነድደው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ፥ ከሚመነጥረውም ደን በሚወጣ ጋዝ በፍጥነት ይጨምራል።

በመጨረሻም ድርቅና ረኃብ አንድ አይደሉም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው ሲከሽፉ የብዙ አርብቶ አደር ከብት አለቀ። ድርቅ የዝናም መጥፋት ነው፤ ረኃብ ግን የሚመጣው ጎተራው ባዶ ኾኖ፥ ርዳታውም ዘግይቶ ሲገኝ ነው። እንግዲህ ድርቁን መከልከል ባይቻለን ረኃቡን መከልከል ይቻለናል።

ስለዚህ በበልግና በመኸር ኹለት ጊዜ የሚያመርተው የባሌ ደጋ ባለቤት ከደጉ ዓመት ለክፉው ያስቀምጥ፤ ቁልቁለቱን ከማረስ ይልቅ ዛፍ ይትከልበት፤ የምንጩን ራስ ይጠብቅ። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ እስከ ሶማሊያ ድረስ የብዙ ሕዝብ ሕይወት ነውና፥ ደገኛው የሚጠብቀው ምንጭ ለማያውቀው ቆለኛ ቤተ ሰብም መጠጥ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን የአባቶች ምክር ለልጆቻችን ከነዚህ ቃሎች ጋራ እናስተምራቸው።