ዘመነ ክረምት በጅቡቲ

በጅቡቲ ከተማ የምትገኘውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደጇን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ጠባይዋን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለሥራ ወይም ለጉዞ ወደዚያች ወደብ የወረደ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊ አንድ ቀን መሳለሙ አይቀርም፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ያያት ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ነፋሱ ከባሕር ቀዝቀዝ ብሎ በሚነፍስበትና ምእመናኑ ሁሉ በከተማው በሚገኙበት ወራት ስለሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ኑሮዋን እንደ እንቅልፍ ዘመን ይቆጥረዋል። እኔ የዚህን ተቃራኒ እላለሁ፤ ይህች ጉባኤ ማንነቷ የሚታወቀው፣ ፍቅሯና ትዕግሥቷም የሚመዘነው በሐሩሩ ወራት ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ በሚገባ የጻፈላት ሰው ባለማየቴ አዝናለሁ።

መሠረቱን ባጭሩ ልናገር። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ የኢትዮጵያ ሰው ከጅቡቲ ተለይቶ አያውቅም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲሄዱ ከባቡር ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ የተሳፈሩት ከዚሁ ወደብ ነው። የከተማይቱ ዋና አደባባይ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ አገሪቱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ በዚያች ቀን ስም ቢሰየምም፣ በቀድሞው ስሙ የሚጠሩት ዛሬም አሉ። ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙስሊም በሆነባት በዚህች አገር የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊኮቹ ካቴድራልና ከፕሮቴስታንቶቹ ጸሎት ቤት ጋር በሰላም ትኖራለች። ከምእመናኑ መካከል የወደብ ሠራተኛ፣ የትራንዚት ሰው፣ ነጋዴ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት፣ እዚያው ተወልዶ አማርኛን ከእናቱ፣ ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት የተማረ ልጅ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው የከባድ መኪና ሾፌር አለ።

የአየሩን ነገር ግን ባጭሩ ማለፍ አይቻልም። በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አቧራ ተሸክሞ ሲመጣ ግንቡም፣ የበሩ ብረትም፣ የቧንቧው ውኃም በእጅ አይነካም። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ዝናም 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ በነሐሴ ወር ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ታገኛለች። ስለዚህም አቅም ያለው ቤተሰብ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ የሐምሌ 19ኙን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል በቁልቢ ለማክበር የተሳለም በዚያው ይሄዳል። በከተማው የሚቀረው ሥራ ያሰረው ወይም የመሳፈሪያ ዋጋ የሌለው ነው። እሑድም በጅቡቲ የሥራ ቀን ነው፤ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነውና፤ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሠራተኛ ሌሊት ተነሥቶ፣ ቆሞ፣ ጸልዮ፣ በቀጥታ ወደ ሥራው ይገባል።

ከዚህ በኋላ ወደምወደው ነገር እመጣለሁ። በሊቁ በቅዱስ ያሬድ ድጓ ሥርዓት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ነው፤ መዝሙሩም ምስባኩም ስለ ደመና፣ ስለ ዝናም፣ ስለ መብረቅና ስለ ጠል፣ ምድርም ረክታ ስለመብቀሏ የሚናገር ነው። ይህ ሁሉ በጅቡቲም አንድ ቃል ሳይጎድል ይዘመራል። ከደጋ የመጣ እንግዳ በዚህ ይገረማል፤ አንዳንዱም ደፍሮ «ዝናም በሌለበት አገር የዝናም መዝሙር ምን ያደርጋል? ይህ እኮ ለጎጃምና ለጎንደር የተሠራ ነው» ይላል። ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከተማሩ ሰዎችም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም የሚሰማኝ ሰውዬው መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አለማዳመጡ ነው።

የዘመነ ክረምትን ክፍሎች በተራ የተመለከተ ሰው ይህን ይረዳል። የመጀመሪያው እስከ ሐምሌ 18 የሚደርሰው ዘርዕና ደመና የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ሲሆን መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል ይባላል። ሦስተኛው ከነሐሴ 10 እስከ 27 ድረስ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና የሁሉ ዓይን የሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ ጎህና ነግህ፣ ጽባሕና ብርሃን፣ መዓልትም ይከተላሉ፤ ከመስከረም 1 በኋላም ዘመነ ዮሐንስ፣ ዘመነ ፍሬና ዘመነ መስቀል ክረምቱን ያስፈጽማሉ።

እንግዲህ በጅቡቲ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይህን የሚሰማ ሰው ምን ያያል? ባሕር ሲባል ባሕሩ እዚያው ነው፤ ጨውና የመርከብ ጢስ የተቀላቀለበት ሽታው ከዕጣኑ ጋር ይገባል። ደሰያት ሲባል የደጋው ሰው የጣናን ገዳማት ያስባል፤ የጅቡቲ ልጅ ግን ከወደቡ ፊት ለፊት ያሉትን ሙሻንና መስካሊን ያውቃል፤ ጠፍጣፋ ዳርቻቸው ላይ ፀሐይ ስትወጣ አይቷል። የቁራ ጫጩቶችማ ለዚህች ከተማ የተጻፉ ይመስላሉ፤ አንገቱ ግራጫ የሆነው የህንድ ቁራ ጅቡቲን ሞልቷታልና፣ በቤቱ ጣሪያ፣ በመብራቱ ምሰሶ፣ በገበያው ቆሻሻ ላይ የማይታይበት ሰዓት የለም። ሊቃውንቱ በትርጓሜያቸው ጫጩቱ ሲፈለፈል መልኩ ከወላጆቹ ስለማይመሳሰል ትተውት እንደሚሄዱ፣ እርሱም ወደ ፈጣሪው እየጮኸ አፉን ሲከፍት ምግቡ እንደሚላክለት ያስተምራሉ። ከወላጆቿ ርቃ በሰው አገር በሰው ቤት እየሠራች ወር ለወር ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ ልጅ፣ የነሐሴን ሙቀት ችላ ቆማ ይህን ትምህርት ስትሰማ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻለሁ። መዝሙሩ ለጎጃም ብቻ ነው የሚል ይህን ቢያይ መልካም ነበር።

ከዚያችው አጥቢያ ሲያገለግሉ ካገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጋር በዚህ ጉዳይ ተነጋግረን ነበር። «የኔታ፣ ሰዎቹ ዝናም በሌለበት አገር ስለ ዝናም መዘመር አይገባም ይላሉ» ብላቸው፣ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ የምንለምነው በራሳችን ላይ እንዲዘንብ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? የምንበላው እህል የበቀለው የት ነው? የምንጠጣውስ ውኃ የመጣው ከየት ነው?» አሉኝ። ነገሩም እውነት ነው። ዛሬ ጅቡቲ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ቧንቧ ከኢትዮጵያ ምድር፣ ከአዲጋላ አካባቢ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ አትክልቱና ፍራፍሬውም ከሐረርጌ በየቀኑ የሚወርድ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የኢትዮጵያ ገበሬ ለመኸር የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በመርከብ መጥቶ የሚራገፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በአንድ የሐምሌ እሑድ ከጎኔ ቆሞ ያስቀደሰው ሾፌር በጋላፊ በኩል ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚሄድ ነበር፤ ወራቱ ዘርዕና ደመና ነበርና፣ በሸራ የተሸፈነው ጭነቱ ከተማው ዳር ፒኬ 12 ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ለእኔ በዚያ ዕለት በመዝሙሩና በጭነቱ መካከል ምንም ርቀት አልታየኝም።

ስለ ንዋየ ቅድሳቱም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጧፍ በጅቡቲ ክረምት ሳይበራ ይጎብጣል፤ ሰሙ ገና ሳይቀልጥ ይለሰልስና ከእጅ ላይ እንደ ደከመ ሰው ወገቡን ያጥፋል። ያወቁ እናቶች ጧፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ለመጠጥ ውኃ በሚይዙት የበረዶ ሣጥን ውስጥ ያመጡታል፤ ያላወቀው ግን ከአዲስ አበባ ያመጣውን ስለት በመኪናው መስተዋት ሥር ትቶ አንድ ላይ የተጣበቀ የሰም ድቡልቡል ያስረክባል። ይህን ቸልታ ደጋግሜ አይቼዋለሁና እዚህ ላይ ብወቅስ አይከፋብኝ፤ ለእግዚአብሔር ቤት የሚቀርብ መባ ጥላ ሊፈለግለት ይገባል። ከበሮውም የራሱ ጠባይ አለው። በደጋ በክረምት ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚላላ መዘምራኑ በእሳት ወይም በፀሐይ ያሞቁታል፤ በጅቡቲ ግን ኻምሲን ሲነፍስ ቆዳው ይደርቅና ድምፁ ይቀጥናል፤ የሚላላው ይልቁንም በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከባሕር እርጥበት በሚመጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺው ከደጋ ተምሮ የመጣውን እንደገና ይማራል። ጫማ አውልቆ መግባትም በዚያ ወራት ራሱን የቻለ መሥዋዕት ነው፤ የግቢው ንጣፍ እግር ያቃጥላልና፣ ታቦት በሚወጣበት ዕለት ወጣቶቹ በባልዲ ውኃ እያፈሰሱ ምንጣፍ እየዘረጉ ከፊት ይቀድማሉ።

ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ስለዚህ ጾም ታላቅነት የማያውቅ አንባቢ የለምና አላብራራም፤ ሕፃናት ሁሉ የሚጾሙት፣ ውዳሴ ማርያም የሚተረጎምበት ጾም ነው። በጅቡቲ ከባድ የሚያደርገው ቅዳሴው ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው፤ ሰዓቱ የከተማው ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰ ሕዝብ ቆሞ ያስቀድሳል። ሆኖም በወደቡ ፀሐይ ላይ ሲሸከም የሚውለው፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ እኩል ይጹም የሚል ሕግ የለም፤ ፍትሐ ነገሥቱም ለሕመምተኛ ያዝናል። ከነፍስ አባቱ ሳይማከር በራሱ ፈቃድ ከአቅሙ በላይ ጾሞ በመቅደሱ ደጅ የሚወድቅ፣ ተሸክመው የሚያወጡትን ሰዎች ከጸሎታቸው እንደሚያስተጓጉል ማሰብ አለበት።

በዚሁ ጾም መካከል ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ይውላል። በከተማው የቀሩት ልጆች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ በክረምቱ ዕረፍት ፊደልና መዝሙር ሲያስተምራቸው የቆዩት፣ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ጅራፍ የሚያጮኹበት ሜዳ የለም፤ ችቦውም አጭር ነው፤ ሙልሙሉ ግን አይቀርም። ምድጃ ፊት ቆመው የሚጋግሩትን እናቶች ድካም ለመረዳት በነሐሴ ወር በጅቡቲ ወጥ ቤት አንድ ሰዓት መቆም ይበቃል። ከፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ግጥሙን በላቲን ፊደል በወረቀት ጽፎ እያየ ሲያወርድ አይቼዋለሁ፤ ጓደኞቹ አልሳቁበትም፤ በሚቀጥለው ዓመት በፊደላችን እንደሚጽፈው አምናለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞቹ ዓርብ ስለማይሠሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰቡት በዚያ ዕለት ነው፤ ዓርብ ጾም ስለሆነም ማዕዱ ሽሮና ምስር፣ ሰላጣና ዳቦ ነው። በክረምት ግን የማኅበርተኛው ቍጥር ይቀንስና ሸክሙ በጥቂቶች ላይ ይወድቃል። ዕድሩም እንዲሁ ነው፤ በሐሩሩ ወራት የታመመውን የሚያስታምሙት፣ የሞተውን ወደ አገሩ ለመላክ ወረቀት ይዘው ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚመላለሱት፣ ባሕር ለመሻገር ወደ ኦቦክ በእግር ለመሄድ ከበረሃ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተቀመጠውን ወጣት ውኃ የሚያጠጡት እነዚሁ የቀሩት ናቸው። አንዳንድ ተረኛ ግን ጽዋውን ለማንም ሳያስረክብ፣ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴውም ሳይናገር ሰኔ ላይ ወደ ድሬዳዋ ይሳፈራል፤ መስከረም ላይ ተመልሶም ምንም እንዳልሆነ ከማኅበሩ ይቀመጣል። ለመሄድ ማንም አይከለክለውም፤ ሕፃናቱ ከሐሩሩ ማረፍ ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመሳፈሩ በፊት በነበረው ዓርብ ጽዋውን ለሚቀረው ሰው በእጁ ያስረክብ፤ የድግሱን ወጪ ድርሻውንም አብሮ ያስቀምጥ፤ ከድሬዳዋ ሲመለስም ጥሩ ጧፍ በበረዶ ሣጥን ይዞ ይምጣ።