«ኦቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል»፦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጎለመሰ የሮክ አልበም

ሮክ ሙዚቃ ሲነሣ የብዙዎቻችን ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የሚጮኽ ጊታርና ያለ ፋታ የሚደለቅ ድራም ነው። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጩኸቱ ጭራሽ ብሶ ነበር። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» በ1991 ከወጣ ወዲህ፣ ከሲያትል የተነሣው ሻካራው የግራንጅ ድምፅ ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ተቆጣጠረው። አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ባንድ ግን በዚያው ሰሞን በተቃራኒው ሄደ። በኦክቶበር 1992 «ኦቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» የተሰኘ፣ በአብዛኛው ዝግ ያለ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ትዝታና ስለ ዕድሜ መግፋት የሚያወራ የ12 ዘፈን አልበም አወጣ። ባንዱ እስከ ዛሬ በብዛት የሚነሣበት ሥራም ይኸው ነው።

አር.ኢ.ኤም. የተመሠረተው በጆርጂያ ግዛት፣ ኤተንስ በምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ በ1980 ነው። ጊታሪስቱ ፒተር በክ በሸክላ መሸጫ ሱቅ ይሠራ ነበር፤ ድምፃዊውን ማይክል ስታይፕን የተዋወቀውም እዚያው ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ሚልስና ድራመሩ ቢል ቤሪ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያቀረቡት በኤፕሪል 1980፣ በአንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ በተደገሰ የልደት ግብዣ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከከተማ ከተማ እየዞሩ በትንንሽ ክበቦች ተጫወቱ፤ «መርመር» የተባለው የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውም በ1983 ወጣ። በዚያ ዘመን የስታይፕ ግጥም ለመስማት እንኳ ያስቸግር ነበር፤ ቃላቱን እያጉተመተመ በጊታሩ ድምፅ መሀል ይደብቃቸዋል። በ1991 «አውት ኦቭ ታይም» በተባለው አልበም ላይ ያለው፣ በማንዶሊን የተሠራው «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» ሲመጣ ግን ዓለም በሙሉ አወቃቸው።

እንዲህ ያለ ዝና የመጣለት ባንድ ብዙውን ጊዜ ያተረፈበትን ይደግማል። እነሱ ግን መጀመሪያ ያሰቡት በጊታር የጦፈ፣ ፈጠን ያለ አልበም ለመሥራት ነበር። ይሁንና በክ፣ ሚልስና ቤሪ ያለ ድምፃዊው ተሰብስበው ሲለማመዱ መሣሪያ ይለዋወጡ ጀመር። ድራመሩ ቤዝ ያነሣል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ኪቦርድ ላይ ይቀመጣል፣ ጊታሪስቱ ማንዶሊን ይይዛል። እጅ የለመደው መሣሪያ ሲቀር የለመደው ዜማም አብሮ ይቀራል፤ ከልምምዱ የወጡት ዜማዎችም የታሰቡት ዓይነት ሳይሆኑ እርጋታ ያላቸው ሆኑ። ስታይፕ ዜማዎቹን ተቀብሎ ግጥም ጻፈላቸው። ከዚያም ከፕሮዲዩሰሩ ስኮት ሊት ጋር በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በርዝቪል፣ በማያሚ፣ በአትላንታና በሌሎችም ከተሞች ስቱዲዮ እየገቡ ቀረጹት። የአልበሙ ስም የመጣው ኤተንስ ውስጥ ካለ ምግብ ቤት መፈክር ነው።

ብስለቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለማየት «ኤቭሪባዲ ኸርትስ»ን ቀረብ ብሎ መስማት ይበቃል። ይህን ዘፈን በአብዛኛው የደረሰው ድራመሩ ቢል ቤሪ ነው፤ ሆኖም ዘፈኑ ከግማሽ እስኪያልፍ የእሱ ድራም አይሰማም። ምቱን የሚይዘው ተራ ድራም ማሽን ነው። ከላዩ ጊታሩ ክሩን አንድ ባንድ እየነካ ይሄዳል። ምቱ ለአማርኛ ዘፈን አድማጭ እንግዳ አይደለም፤ ችክችካ የምንጨፍርበት 6/8 ነው፣ እዚህ ግን እጅግ ተጎትቶ በዝግታ ይራመዳል። ቀስ በቀስ ቫዮሊኖቹ ይገባሉ፤ የዘፈኑ ስሜት መሸከም ከሚችለው በላይ ሲሞላ ድራሙና ኤሌክትሪክ ጊታሩ በአንድነት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ድራሙ የሚሰማው እንደ እርዳታ ነው፤ ሲጠበቅ ቆይቶ ነዋ! ቃላቱን ይደብቅ የነበረው ስታይፕም እዚህ ላይ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ ይዘፍናል። ዘፈኑ ሕይወት ለከበዳቸው ወጣቶች የታሰበ ነበርና፣ ግጥሙ ማንም እንዲገባው ሆኖ በቀላል ቃላት ተጻፈ። በ2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ ብዙ ድምፃውያን ተሰብስበው ለእርዳታ ማሰባሰቢያ እንደገና የዘፈኑትም ይህንኑ ዘፈን ነው።

«ናይትስዊሚንግ» ደግሞ ከዚህም የበለጠ የተራቆተ ነው። ድራም የለም፣ ጊታር የለም። ማይክ ሚልስ በፒያኖ አንዲት ዜማ ደጋግሞ ያዞራል፤ ስታይፕም በወጣትነት ዘመን ከጓደኞች ጋር በሌሊት ስለ መዋኘት ያስታውሳል። ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ሳያገኝ መልሶ መላልሶ መዞሩ የትዝታን ጠባይ በትክክል ይዟል። መጨረሻ ላይ ኦቦ የምትባለው የትንፋሽ መሣሪያ ትገባለች፤ ጥቂት ተናግራ ዝም ትላለች። የአልበሙ መዝጊያ በሆነው «ፋይንድ ዘ ሪቨር» ላይ ሚልስና ቤሪ የአጃቢነቱን ድምፅ የቀረጹት አንዱ ሌላው የዘፈነውን ሳይሰማ ነው። የሚልስ ድምፅ ከፍ ብሎ በስሜት ይጣራል፤ የቤሪ ዝቅ ብሎ በእርጋታ ይከተላል። ሁለቱ ተጣምረው የሰጡት ውበት አስቀድሞ ተነጋግሮ የሚገኝ አይመስለኝም።

የአራቱን ዘፈኖች የቫዮሊንና የቼሎ ቅንብር የሠራው የሌድ ዘፔሊኑ ቤዝ ተጫዋች ጆን ፖል ጆንስ ነው። የሮክ ባንድ ኦርኬስትራ ሲያስገባ ዘፈኑን በስኳር የመንከር አደጋ አለ። ጆንስ ግን ቫዮሊኖቹና ቼሎዎቹ ዜማውን ከሥር ደግፈው እንዲይዙት እንጂ እንዲሸፍኑት አላደረገም።

አልበሙ ሁሉ ሐዘን ነው ማለት ግን አይደለም። «ማን ኦን ዘ ሙን» ስለ ኮሜዲያኑ አንዲ ካውፍማን የተዘፈነ፣ የሚያስደስት ዜማ ነው፤ በ1999 ስለ ካውፍማን የተሠራው ፊልምም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ዘፈን ነው። «ኢግኖርላንድ» በአሜሪካ ፖለቲካ ላይ ቁጣውን በጊታር የሚያወጣ ዘፈን ነው። እኔ አልበሙን ስሰማ በጥቂቱ የሚከብደኝ እሱ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ዘፈኖች ጋር አይዋሃድም።

ባንዱ ለአልበሙ ምንም የኮንሰርት ጉዞ አላደረገም። እንዲያም ሆኖ አልበሙ በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያም በሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1995 ቢል ቤሪ ስዊዘርላንድ ውስጥ በመድረክ ላይ ሳለ በአንጎል ደም ሥር ሕመም ወደቀ። ቢድንም በ1997 ባንዱን ተሰናበተ። ሦስቱ ቀጥለው በ2011 በሰላም ተለያዩ። ከቤሪ በኋላ የሠሯቸው መልካም ዘፈኖች አሉ፤ የአራቱን ሚዛን ግን ዳግመኛ አላገኙትም።

አንድ ባንድ ሲበስል ለዘብ ይላል፣ ይደክማል የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አልበም ለዚያ አባባል መልስ ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ኃይላቸውን አላጡም፤ መቼ እንደሚያወጡት ዐወቁበት እንጂ። ድራመሩ ለራሱ ዘፈን ሲል ዝም ማለቱ፣ ጊታሪስቱ መሣሪያውን ማስቀመጡ፣ ድምፃዊው ከመደበቅ ወጥቶ በግልጽ መናገሩ ብስለት ነው። አልበሙን ላልሰማ አንባቢ ምክሬ አጭር ነው፦ ዘፈን አትምረጡ። 48 ደቂቃ መድቡለት፣ ከ«ድራይቭ» እስከ «ፋይንድ ዘ ሪቨር» በተደረደረበት ቅደም ተከተል ስሙት።