የኢንተርኔት ዕድሜ ማረጋገጫ እና አካል ጉዳተኞች

የኢንተርኔት ዕድሜ ማረጋገጫ አንድ ድረ ገጽ ወይም አፕ ተጠቃሚው በሕግ የተወሰነው ዕድሜ ላይ መድረሱን የሚያጣራበት አሠራር ነው። ዓላማው ሕፃናትን ለዕድሜያቸው ከማይመጥን ይዘት መጠበቅ ነው። ነገር ግን ማጣሪያው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ፊት ወይም መታወቂያ ስለሆነ፣ ይህን ማቅረብ ያልቻለ አካል ጉዳተኛ ዐዋቂ ሆኖ ሳለ እንደ ሕፃን ሊቆጠር ይችላል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከፋይዳ መታወቂያ፣ ከልደት ምዝገባና ከዘመን አቆጣጠር ጋር ይያያዛል።

ሕጎች

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ መሠረት የወሲብ ይዘት የሚያሳዩ ድረ ገጾች ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜን በአስተማማኝ መንገድ የማጣራት ግዴታ አለባቸው። አውስትራሊያ ደግሞ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቅ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎቶች አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ማጣሪያ ያልፋሉ።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልና ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሱቅ ውስጥ ሻጩ ገዢውን አይቶ ወይም መታወቂያ ጠይቆ ይወስናል። በኢንተርኔት ግን ውሳኔው የካሜራና የፕሮግራም ነው።

የማጣሪያ ዘዴዎችና እንቅፋቶቻቸው

* የልደት ቀን መጻፍ፦ ለሁሉም ቀላል ነው፤ ሐሰት ለመጻፍም እንዲሁ ቀላል ስለሆነ አዳዲሶቹ ሕጎች በቂ አድርገው አይቀበሉትም።
* መታወቂያን ፎቶ ማንሳት፦ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ካርዱ ካሜራው ውስጥ መግባቱን የሚያውቀው ስልኩ በድምፅ ከነገረው ብቻ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚያነሳው ፎቶ ሊደበዝዝ ይችላል።
* ዕድሜን ከፊት መገመት፦ ፕሮግራሙ የተማረው ከብዙ ሰዎች ፎቶ ስለሆነ፣ በሕመም ወይም በቃጠሎ ፊቱ የተለወጠ ሰው ላይ ሊሳሳት ይችላል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ፍተሻ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ፊት ላይ የበለጠ እንደሚሳሳቱ አሳይቷል።
* የሕያውነት ምርመራ፦ ካሜራው ፊት የቀረበው ፎቶ ሳይሆን ሰው መሆኑን ለማወቅ «ዓይንዎን ይክደኑ»፣ «ራስዎን ያዙሩ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ሰው ሠራሽ ዓይን ያለው ወይም አንገቱ የማይዞርለት ሰው ትእዛዙን ለመፈጸም ሊቸገር ይችላል።
* በስልክ የሚላክ ኮድ፦ አካልን ባይመረምርም ጊዜው ቶሎ ያልፋል፤ ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም ከሆነም አያገለግልም።

ፋይዳ እና የልደት ማስረጃ

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ (ፋይዳ) ሲመዘገብ የ10 ጣቶች አሻራ፣ የሁለት ዓይኖች አሻራና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል። ሥርዓቱ የተሠራበት ሞዚፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ጣት ወይም ዓይን ለሌለው ሰው ያንን ክፍል አልፎ ለመመዝገብ ያስችላል። ከምዝገባው በኋላ ግን አገልግሎት ሰጪው የሚቀበለው አሻራ ብቻ ከሆነ መታወቂያው ያንን ሰው አይጠቅመውም።

በደቡብ ጎንደር እንቅፋቶቹ ይደራረባሉ። ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ ዞኖች አንዱ ነው። ትራኮማ ሲጠና ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፍና የዓይንን መስታወት እየፈተገ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሰውየውን ከማሳወሩም በላይ የዓይን አሻራ እንዳይነበብ ያደርጋል። በእርሻና በድንጋይ ሥራ የተላጠ ጣትም አሻራው በቀላሉ አይነበብም። ሦስተኛው አማራጭ የልደት ወረቀት ነው፤ በመላ አገሪቱ ዘመናዊ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ የለውም።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ 13 ዓመቱ ነው። ይህንኑ 2005ን በጎርጎርዮሳዊ ቅጽ ላይ ሳይቀይር ከጻፈው ግን የ20 ዓመት ወጣት ተደርጎ ያልፋል። በተቃራኒው የዐዋቂው መታወቂያ በአንድ አቆጣጠር፣ አካውንቱ በሌላ ከተመዘገበ ሁለቱ ስለማይገጥሙ ሊከለከል ይችላል። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ 12 ወር ብቻ በሚያሳይ ቅጽ ላይ ወሩን አያገኘውም።

መፍትሔዎች

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም የጊዜ ገደብ የሚራዘምበት መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል።

በአሠራር ደረጃ ዋናው መፍትሔ አንድን ዘዴ ብቻ አለማስገደድ ነው፦ ፊት ያልተነበበለት በኮድ፣ ኮድ ያልደረሰው በምስክር ወይም በአካል ቀርቦ እንዲያረጋግጥ ማድረግ። የስክሪን አንባቢ የሚያነበው ጽሑፍ፣ የድምፅ መመሪያ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚቀበል ቅጽና ውሳኔን በሰው የማስመርመር መብትም ያስፈልጋሉ። አገልግሎት ሰጪው የሚያስፈልገው «ዕድሜው ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» የሚል መልስ ብቻ ስለሆነ፣ መታወቂያው ይህን ብቻ ቢመልስ የተጠቃሚው ፊት፣ የጤና ሁኔታና ሙሉ የልደት ቀን ለሌላ ወገን አይተላለፍም።